335አይ ላይ የፊት ፍሬን ማሳደግ፦ ባለ 6 ፒስተን ካሊፐር ያዋጣል ወይ?

ጥቁር_335፦
ሰላም ሰላም። መኪናዬ ቢኤምደብሊው ኢ90 335አይ ነው። ሞተሩ ላይ ሶፍትዌር ተጭኖበታል፣ ከፋብሪካው ጉልበት በደንብ ከፍ ብሏል። ፍሬኑ ግን ያው ከፋብሪካ የወጣው ነው። ፊት 348 በ30 ሚሊሜትር ዲስክ፣ ባለ አንድ ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል)። መንገድ ላይ ምንም አይለኝም። ሰርኪት ይዤው ስገባ ግን ጥቂት ዙር እንደሄድኩ ፍሬኑ ይሞታል።

የ135አይን ባለ 6 ፒስተን ብሬምቦ ካሊፐር ያገለገለ የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ዲስኩም አብሮ አለ። ይገጥማል ተብያለሁ። ሌላው ምርጫ 380 ዲስክ ያለው ሙሉ ኪት ነው፤ እሱ ደግሞ ኪስ ያራግፋል። ቸርኬዬ 18 ኢንች ነው። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትወስዳላችሁ?

ቀይ_ቀለም፦
ካሊፐሩን ቀይ ቀባው። ቢያንስ 5 ሜትር ቀድሞ ይቆማል 😂

ሸራ_ጨራሽ፦
ቀልዱን ተውት። ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገረን። "ይሞታል" ስትል እንዴት ነው የሚሞተው? ፔዳሉ ከላይ ጠንክሮ ይቀርና መኪናው አልቆም ይልሃል? ወይስ ፔዳሉ ይላላና ወደ ወለሉ ይገባል? ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ካልያዘ ሸራው ነው ከሙቀቱ በላይ የሆነበት። ፔዳሉ ከገባ ዘይቱ ነው። ሰው ይሄን ሳይለይ ካሊፐር ይገዛል።

ጥቁር_335፦
ይላላል። መጀመሪያ ትንሽ ይረዝማል፣ ቀጥሎ ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ካልረገጥኩት አይይዝም። መኪናው ከቀዘቀዘ በኋላም እንደ በፊቱ አይመለስም፣ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል። ዘይቱ ከቀድሞው ባለቤት ጋር የመጣው ነው።

ጋሽ ብሎን፦
ልጄ፣ ዘይትህ ፈልቷል። ሌላ ምንም አይደለም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 (የዘይቱ ደረጃ ነው) ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ መስፈርቱ ነው። ያው ዘይት 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 5.1 ከሆነ 260 እና 180 ነው። አንተ ደግሞ ስንት ዓመት ውሃ ሲጠጣ የከረመ ዘይት ይዘህ ሰርኪት ገባህ። ካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግርህ የሚጫነው ሸራውን ሳይሆን እንፋሎቱን ነው። ፔዳሉ የሚገባው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝም አረፋው ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ያ የምትለው ስፖንጅ ይቀራል።

መጀመሪያ ዘይቱን ሙልጭ አድርገህ ቀይረው። ለእሽቅድድም ተብለው የሚሠሩት አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ፣ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋሉ። ዶት 5 የሚለውን እንዳታነሳ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ብለው የሚሞሉ አሉ፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ካለህ ዘይት ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ (ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ላለው መኪናም አይሆንም።

ኤም_ወዳጅ፦
ጋሽ ብሎን ያሉት ልክ ነው፣ ግን ልጁ የጠየቀው ስለ ካሊፐር ነው። ባለ አንድ ፒስተን ተንሸራታች ካሊፐር ለእንዲህ ያለ መኪና ያሳፍራል። ባለ 6 ፒስተኑ ቋሚ ነው፣ አልሙኒየም ነው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ጥርት ያለ ነው። እኔ ገጥሜዋለሁ፤ በሰማይና በምድር መካከል ያለ ልዩነት ነው ያየሁት። ዘይት ቀይሮ ዝም ማለት ችግሩን ማስታገስ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ማርሽ_3፦
ኤም_ወዳጅ፣ አንድ ልጠይቅህ። ካሊፐሩን ስትገጥም ዘይቱስ? አዲስ አልሞላህም? ሸራውስ? ቱቦውስ? እንግዲህ አራት ነገር በአንድ ቀን ቀይረህ ምስጋናውን ሁሉ ለፒስተኖቹ ሰጠህ። ሁሌም የሚሆነው ይሄው ነው።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ፤ ማንም ያላነሳው ነገር እዚህ ጋ አለ። የ135አይ የፊት ዲስክ 338 በ26 ነው። የጥቁር_335 መኪና ላይ ያለው 348 በ30 ነው። ማለትም ፒስተን ጨምሮ ዲስኩን ሊያሳንስ ነው። በዲያሜትር 10 ሚሊ፣ በውፍረት 4 ሚሊ ይቀንሳል። ሙቀቱን የሚሸከመው ደግሞ ዲስኩ ነው፣ ካሊፐሩ አይደለም።

በቁጥር እንየው። መኪናው 1600 ኪሎ ነው እንበል። ከ180 ወደ 80 ስታወርደው 1.6 ሜጋጁል ያህል ወደ ሙቀት ይቀየራል። አየሩና ሞተሩ የሚያግዙትን ትቼ ነው። 70 በመቶውን ፊት ይሸከም፤ ለእያንዳንዱ የፊት ዲስክ 0.56 ሜጋጁል ይደርሰዋል። ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት 10 ኪሎ ቢሆን በአንድ ረገጣ ብቻ ወደ 120 ዲግሪ ይጨምራል። ብረቱ 8 ኪሎ ቢሆን ያው ረገጣ ወደ 150 ይወስደዋል። ከዚያ ቀጥታው መንገድ ላይ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ሳይጨርስ ሌላ ረገጣ ይመጣበታል። እንዲህ እየተደራረበ ነው 500 እና 600 የሚደርሰው።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ሞተሩ ላይ ሶፍትዌር ስትጭን ፍሬኑ ላይም ሥራ ጭነሃል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ትንሽ ፈጥነህ ትደርሳለህ፣ ያች ትንሽ ደግሞ በራሷ ትባዛለች።

ጥቁር_335፦
ቆይ ቆይ። ታዲያ 6 ፒስተን የበለጠ አይጨብጥም እንዴ?

ማርሽ_3፦
የግድ አይደለም። የሚቆጠረው የፒስተኖቹ ስፋት እንጂ ብዛታቸው አይደለም፤ በቋሚ ካሊፐር ደግሞ የአንድ ወገን ብቻ ነው የሚታሰበው፣ ምክንያቱም ሌላው ወገን ተቃራኒውን ነው የሚገፋው። ምሳሌ ልስጥህ። አንድ 60 ሚሊ ፒስተን ያለው ተንሸራታች ካሊፐር 28 ካሬ ሴንቲሜትር ይሰጥሃል። ባለ 4 ፒስተን ሆኖ በአንድ ወገን 38 እና 42 ያለው 25 ገደማ ነው። ባለ 6 ሆኖ በአንድ ወገን 28፣ 32 እና 38 ቢሆንም ያው 25 ተኩል ነው። አየህ፣ ባለ አንዱ በለጠ።

ስፋቱ ሲያንስ ፔዳሉ ያጥራል፣ ይጠነክራል፣ ሰው "እንዴት ጥርት አለ" ይላል፤ ለዚያው መቆም ግን እግርህን የበለጠ መጫን አለብህ። ስፋቱ ሲበዛ ተቃራኒው ነው፣ ማስተር ሲሊንደሩ ብዙ ዘይት መግፋት ስላለበት ፔዳሉ ይረዝማል። ኪት ስትገዛ ሻጩን የፒስተን ስፋቱ ከፋብሪካው ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው በለው። መልስ ከሌለው ሌላ ሻጭ ፈልግ።

ኤም_ወዳጅ፦
እሺ፣ የ338ቱን ተቀብያለሁ፣ መኪናው ላይ ካለው ዲስክ ማነሱ እውነት ነው። ግን ቋሚ ካሊፐር ምንም ጥቅም የለውም እንዳትሉኝ። ቢኤምደብሊው ራሱ ኢ90 ኤም3 ላይ 360 ዲስክ ከባለ አንድ ፒስተን ጋር አድርጎ ስንት ዓመት ሲወቀስ ኖሮ በቀጣዩ ኤም3፣ ኤፍ80 ላይ ወደ 4 ፒስተንና 380 ዲስክ የሄደው ለጨዋታ አይደለም።

ጋሽ ብሎን፦
ጥቅም አለው ልጄ፣ ማን የለውም አለ። ቋሚ ካሊፐር ሸራውን እኩል ይጫነዋል፣ ሲከፈትም አይወላገድም፣ ይቀላል፣ ሸራ መቀየርም ቀላል ነው፤ ሁለት ፒን መትተህ አውጥተህ ከላይ መምዘዝ ነው። ሰርኪት ለሚመላለስ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ኢምፕሬዛ ኤስቲአይ እና ላንሰር ኢቮ ከፋብሪካ ባለ 4 ፒስተን ብሬምቦ ይዘው የወጡትም በምክንያት ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው።

ተንሸራታቹን ካሊፐር ሳትወነጅሉ በፊት ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አውጥታችሁ እዩ። ኢ90 ላይ ፒኖቹ የሚሮጡት በጎሚ ቡሽ ውስጥ ነው። ጎሚው ሲያረጅ ያብጣል፣ ይላላል፣ ካሊፐሩ ሲረገጥ ይዘማል። ያን ጊዜ ሸራው በአንድ ጫፍ ይበላል፣ ፔዳሉም ይረዝማል። ሸራውን አውጥተህ ጠርዙን በመለኪያ ለካ፤ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ከተለየ በቂ መልስ ነው። ጎሚውን በናስ ወይም በማይዝግ ብረት ቡሽ የሚተኩ አሉ፤ ሰርኪት ላይ ጥሩ ነው፣ መንገድ ላይ ግን አቧራ ሲገባበት ይንኳኳል፣ እየፈቱ ማጽዳት ይፈልጋል።

ጥቁር_335፦
ጋሼ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዘይት፣ ሸራ፣ ፒን ይሁን። መቆሚያ ርቀቴስ? እሱን ለማሳጠርም ነበር ትልቁን የፈለግኩት።

ሸራ_ጨራሽ፦
መቆሚያ ርቀት የጎማ ጉዳይ ነው። አሁን ባለህ ፍሬን ሙሉ ስትረግጥ ኤቢኤስ ይገባልሃል አይደል? እንግዲያው ፍሬኑ ጎማው ከሚችለው በላይ እየጨበጠ ነው። 380 ብትገጥምም ኤቢኤስ ቀድሞ ይገባል፣ መኪናው እዚያው ቦታ ይቆማል። ጎማ ቀይር፣ ያጥራል። ትልቅ ፍሬን የሚሰጥህ አሥረኛው ረገጣ እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ነው። ለአንድ ረገጣ ምንም የለውም።

እንዲያውም ሊያስረዝምብህ ይችላል። ፊቱን ብቻ ስታሳድግ ሚዛኑ ወደ ፊት ይሄዳል። ፊቱ ቀድሞ ይይዛል፣ ኋላው ሥራ ፈትቶ ይቀራል።

ዝምተኛው፦
እዚህ ላይ ትንሽ አልስማማም። ኤቢኤስ ባለው መኪና ሙሉ ስትረግጥ ፊቱን ኤቢኤስ ይይዘዋል፣ የኋላው ግፊት ግን ከእግርህ ጋር መጨመሩን ይቀጥላል፤ ስለዚህ በድንገተኛ ረገጣ የሚጠፋው ርቀት ትንሽ ነው። ሰው እንደሚያጋንነው አይደለም።

ሸራ_ጨራሽ፦
በድንገተኛ ረገጣ ልክ ነህ። ሰርኪት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኤቢኤስ በታች ነው የምትረግጠው። በተለይ ፍሬን እየለቀቅክ ወደ ኩርባ ስትገባ። እዚያ ሚዛኑ ወደ ፊት ካዘነበለ መኪናው አፍንጫውን ተክሎ አልዞር ይላል፤ ሙቀቱም ሁሉ ፊት ላይ ይከመራል። ያሳደግከውን ዲስክ ባሳደግከው ልክ ታበስለዋለህ ማለት ነው።

ማርሽ_3፦
ምን ያህል እንደሚያዘነብልም መገመት ይቻላል። ሸራው የሚይዝበት መካከለኛ ሬዲየስ 348 ላይ ወደ 149 ሚሊ፣ 380 ላይ ወደ 165 ነው እንበል። የፒስተኑ ስፋትና ሸራው ባይቀየር እንኳ ፊቱ 11 በመቶ ያህል የበለጠ ይይዛል። ጥሩ ኪት ሠሪ ይህን ስለሚያውቅ ፒስተኑን ትንሽ ያሳንሰዋል፣ ሚዛኑ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ባለ ብዙ ፒስተን ኪት ሁሉ ታስቦበት የተሠራ አይምሰልህ፤ ለሌላ መኪና የተሠራ ካሊፐር በቅንፍ አስረው የሚሸጡ ሞልተዋል።

ቀይ_ቀለም፦
እኔስ ፕላስቲኩን የካሊፐር ሽፋን ነው የገጠምኩት። ብሬምቦ የሚል ጽሑፍም አለው 😎

ጋሽ ብሎን፦
አውልቀው። ሙቀት ያፍናል። በማጣበቂያ የያዝከው ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቀልጦ ቸርኬ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ጥቁር_335፦
ተመለስኩ። ያላችሁትን በተራ አድርጌያለሁ። ዘይቱ ሲወጣ ቡና መስሎ ነበር፤ ከ300 በላይ በሚችል ተክቼዋለሁ። የአንዱ ካሊፐር ጎሚ ቡሽ አብጦ ፒኑ በእጅ አልወጣ ብሎ ነበር፣ ሁለቱንም ወገን ቀየርኩ። ሸራ ሰርኪትንም መንገድንም የሚችለውን ወሰድኩ፤ ሙሉ የእሽቅድድም ሸራ ሲቀዘቅዝ አይይዝም ስለሚባል ፈራሁት። የኤፒ ሬሲንግን የሙቀት ቀለምም (ሲግል መልኩ የሚቀየረውን) ዲስኩ ጠርዝ ላይ ቀባሁ።

ውጤቱ ይኸው። ፔዳሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀም። ካሊፐር ሳልቀይር ሌላ መኪና ሆነ። ነገር ግን አረንጓዴውም ብርቱካኑም ቀለም ተቀይሯል፣ ቀዩ ብቻ ነው የቀረው። ዲስኩ ፊት ላይ ፀጉር የሚመስሉ ስንጥቆች አሉ። ወደ መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ትንሽ መንሸራተት ጀመረ። መሪውም ፍሬን ስይዝ ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ተጣሟል ማለት ነው?

ሸራ_ጨራሽ፦
አሁን የምናወራው ሌላ ወሬ ነው። የቀለሙን እንጀምር። አረንጓዴው 430፣ ብርቱካኑ 560፣ ቀዩ 610 ላይ ነው የሚቀየረው። ስለዚህ ዲስክህ 560ን አልፏል፣ 610 አልደረሰም። ለመንገድ ሸራ ይሄ ብዙ ነው። ለአንተ ዓይነቱ መካከለኛ ሸራም ጣራው አካባቢ ነው። ዘይቱ ሲስተካከል ቀጣዩ ደካማ ተራውን ያዘ፤ እሱም ሸራውና የዲስኩ ሙቀት ነው። አሁን ነው የመጀመሪያው ጥያቄህ ትርጉም ያገኘው።

ፀጉር የሚመስሉት ስንጥቆች በራሳቸው አያስፈሩም፣ ጋለ ቀዘቀዘ ሲል የሚመጡ ናቸው። ጥፍርህን አስኪድበት። ጥፍርህ ከያዘ፣ ወይም ስንጥቁ የዲስኩ ጠርዝ ጋ ከደረሰ ነገ ዛሬ ሳትል ቀይረው። ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ላይ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚሄድ ስንጥቅም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ለሰርኪት ቀዳዳ ያለውን የማልመክረው፤ መስመር የተቦረቦረበት ይሻላል፣ ወይም ለጥ ያለው።

ጋሽ ብሎን፦
የመሪው መንቀጥቀጥ መጣመም ላይሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ሸራው ዲስኩ ላይ እኩል ያልሆነ ንብርብር ጥሎ ነው። ሰርኪት ጨርሰህ እንደጋለ ቆመህ ፍሬን ረግጠህ ይዘህ ነበር? ያን ጊዜ ሸራው ባለበት ቦታ ይለጠፋል። በዓይን የማታየው የውፍረት ልዩነት ነው እጅህ ላይ የሚደርሰው።

ሌላው ሀብ ነው። ዲስኩ የሚቀመጥበት ፊት ላይ ዝገት ካለ ዲስኩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ውሎ አድሮ ሸራው አንዱን ወገን ይበላዋል። ዲስኩን አውልቀህ ሀቡን እስኪያብረቀርቅ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው። የቸርኬ ብሎኑንም በቶርክ ቁልፍ በመስቀል አጥብቀው፣ በአየር ጠመንጃ አይደለም። ከዚያ ሸራውን እንደገና አስለምደው። ካልተሻለ ያን ጊዜ ዲስክ ግዛ።

ጥቁር_335፦
ማስለመዱን እንዴት ልሥራው? መመሪያው ላይ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ማርሽ_3፦
የሸራው ሠሪ የተለየ ነገር ካለ የእሱን ተከተል። ካልሆነ ባዶ መንገድ ፈልግ። ከ100 ወደ 20 አካባቢ በደንብ ጠበቅ አድርገህ አውርድ፣ ኤቢኤስ ሳይገባ። ሙሉ በሙሉ አትቁም። ፍጥነትህን መልሰህ አምጣና ድገመው፤ አሥር ጊዜ አካባቢ። መሽተት ሲጀምር አትደንግጥ። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ የሚያስነዳ መንገድ ላይ ረጅም ጊዜ ንዳና ይቀዝቅዝ። ቆመህ ፔዳል መያዝ የለም፣ የእጅ ፍሬንም መሳብ የለም። ዲስኩ ላይ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ግራጫ ሽፋን ካየህ ይዟል።

ኤም_ወዳጅ፦
እንግዲህ አሁን 380 ይግዛ? 😄

ማርሽ_3፦
ከዚያ በፊት አየር። የዲስኩ ጀርባ ላይ ያለው ቆርቆሮ መሐል ለመሐል ቱቦ የሚቀበል አፍ ተሠርቶለት፣ ከባምፐሩ አየር ቢሳብለት ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ሰው ቱቦውን ወደ ዲስኩ ፊት ያዞረዋል፤ እንደዚያ ከሆነ አንዱን ወገን ብቻ ያቀዘቅዝና ዲስኩን ያጣምመዋል። አየሩ መግባት ያለበት በዲስኩ መሐል ነው። በሁለቱ ፊቶች መካከል ያሉት ክንፎች ራሳቸው ስበው ወደ ውጪ ይረጩታል።

አየሩ ተሠርቶ ብርቱካኑ ቀለም አሁንም ከተቀየረ፣ ያን ጊዜ ትልቅ ዲስክ ሐቁ ነው። ሲገዛ ዲያሜትሩን ብቻ እንዳያይ። ወፍራሙን ይምረጥ፣ ክብደቱን ይጠይቅ። ሁለት ክፍል የሆነው፣ ማለትም መሐሉ አልሙኒየም የሆነው፣ ብረቱን ለሰበቃው ክፍል ያስቀርለታል፤ ሲግልም ብረቱ ሳይታሰር ይለጠጣል።

ዝምተኛው፦
ቸርኬውን አትርሱ። ብዙዎች 380 የግድ 19 ይፈልጋል ይላሉ። የግድ አይደለም፣ ኤፍ80 ኤም3 380 ዲስክ በ18 ቸርኬ ይዞ ከፋብሪካ ወጥቷል። ግን ያ ለራሱ የተሠራ ቸርኬ ነው። የአንተ 18 ውስጡ ሌላ ነው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዲያሜትሩ ሳይሆን የቸርኬው ክንድ ነው፣ የካሊፐሩ ሆድ ክንዱን ይነካል። ኪት ሠሪዎች ትክክለኛ መጠን ያለው የወረቀት ልክ ይሰጣሉ። አትመው፣ ካርቶን ላይ ለጥፈህ ቁረጠው፣ ቸርኬው ውስጥ አስገብተህ አዙረው። ቢያንስ 3 ሚሊ ያህል ክፍት ይኑር። ውስጥ በኩል የተለጠፉ የሚዛን እርሳሶች ካሉም አስብባቸው።

ጥቁር_335፦
ካርቶኑን ቆረጥኩ። 380ው ክንዱን ነካ። 355 በ32 ባለ 4 ፒስተኑ ግን በደንብ ገባ። ዲያሜትሩ ካለኝ ብዙም አይበልጥም፣ 7 ሚሊ ብቻ፤ ያዋጣል?

ሸራ_ጨራሽ፦
ውፍረቱን ተመልከት። ከ30 ወደ 32፣ ሁለት ክፍል፣ ብረቱ ሁሉ ሥራ ላይ። ለእንደ አንተ ዓይነቱ መኪና ሚዛኑንም ብዙ አያናጋም። እኔ ከ380ው ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ፤ 19 ቸርኬና 19 ጎማ መግዛት ሌላ ጣጣ ነው፣ ክብደቱም ይጨምራል። አንድ ነገር ግን አረጋግጥ። ፒስተኖቹ የአቧራ መከላከያ ጎሚ አላቸው ወይ? ለእሽቅድድም ብቻ የሚሠሩት የላቸውም። ዝናብና አቧራ ውስጥ በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ያለው ይሻላል፤ ጎሚው በሙቀት ቢቃጠልም ይቀየራል፣ የተጫረ ፒስተን ግን አይታደስም።

ኤም_ወዳጅ፦
በማይዝግ ሽቦ የተጠለፈ ቱቦም አብሮ ይግባ።

ጋሽ ብሎን፦
ይግባ፣ ያረጀው የጎማ ቱቦ ስለሚያብጥ ፔዳሉ ጠበቅ ይላል። ተአምር ግን አትጠብቅ። መሪው ሙሉ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር ቱቦው እንዳይወጠር፣ ጎማም እንዳይነካ በዓይንህ እይ።

ጥቁር_335፦
ገጥሜ ጨረስኩ፣ ግን ችግር ገጠመኝ። አየር ባስወጣ ባስወጣ አላልቅ አለኝ። ፔዳሉ ወለል ነው። ኪቱ አዲስ ነው፣ የሚያፈስ ነገርም የለም።

ጋሽ ብሎን፦
የአየር ማስወጫው ብሎን የትኛው ጫፍ ላይ ነው? ላይ ነው ታች?

ጥቁር_335፦
ሁለት ሁለት አላቸው ጋሼ፣ የውስጥና የውጪ። አሁን ስትሉኝ አየሁት... ታች ናቸው።

ጋሽ ብሎን፦
የግራውን ለቀኝ ገጥመሃል። ከታች ብሎኑን ብትከፍት ዘይቱ ብቻ ነው የሚወጣው፣ አየሩ ላይ ተንሳፍፎ ይቀመጣል። አለዋውጣቸው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ባለ ብዙ ፒስተን ካሊፐር ላይ ዲስኩ የሚገባበት ጫፍ ያለው ፒስተን ያንሳል፣ የሚወጣበት ይተልቃል። ሸራው አንድ ጫፍ እንዳይበላ ነው። ተገላብጦ ከተገጠመ ተቃራኒውን ይሠራል።

ዲስኩንም እግረ መንገድህን እይ። ክንፎቹ የተጠማዘዙ ከሆኑ የግራና የቀኝ አላቸው። ጎማው ወደ ፊት ሲዞር ክንፉ ከመሐል ወደ ውጪ ሲሄድ ወደ ኋላ መተኛት አለበት። ላይ ላዩ ላይ ያለውን ቡርቡር አይተህ አትፍረድ፣ ብዙ ሰው እሱ ነው የሚያሳስተው፤ በጠርዙ በኩል ባትሪ አብርተህ ክንፉን ነው ማየት።

አየር ስታስወጣ ከሁለቱ ብሎኖች መጀመሪያ የውጪውን፣ ከዚያ የውስጡን። ማጠራቀሚያው እንዳያልቅ እያየህ። ባዶ ሆኖ አየር ወደ ኤቢኤሱ ከገባ በኮምፒውተር ፓምፑን እያስነሱ ነው የሚወጣው፣ በእግር ብቻ አይሆንም።

ጥቁር_335፦
ተለዋወጡ፣ ፔዳሉ ወደ ላይ ተመለሰ። ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። አሁን ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የሸራ መብራት በርቶ ቀርቷል።

ዝምተኛው፦
የሸራ ማለቂያ ሴንሰሩ ሽቦ ነው። አዲሱ ካሊፐር ላይ ቦታ ከሌለው ያልተበላ ሴንሰር ሰክተህ ሽቦውን ከሚሽከረከር ነገር አርቀህ እሰረው፣ ከዚያ መብራቱን አጥፋው። ከእንግዲህ ግን ሸራህን የሚጠብቅልህ መብራት የለም፤ በየሰርኪቱ ቸርኬ አውርደህ በዓይን ማየት ነው።

ሰባተኛ_ኩርባ፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ ይቅርታ። እኔም ያው መኪና አለኝ። ኋላውን ምን ላድርገው? ፊት ብቻ ነው ሁሉ የሚያወራው።

ሸራ_ጨራሽ፦
ዘይቱ ለአራቱም ነው፣ እሱ ያለቀ ጉዳይ ነው። ኋላ ላይ ከፊቱ ጋር የሚቀራረብ ሸራ አድርግ። ፊት ኃይለኛ ሸራ፣ ኋላ የመንገድ ሸራ ካደረግክ ያ የሚዛን ጣጣ ያለ ካሊፐርም ይመጣብሃል። ከፊቱ የበረታ ደግሞ ኋላ እንዳታደርግ፣ ኩርባ ላይ ጅራቱ ያመልጥሃል። ዲስክና ካሊፐሩ የፋብሪካው ይበቃል።

ሰባተኛ_ኩርባ፦
ዘይቴን ስንት ጊዜ ልቀይር? በየዓመቱ?

ሸራ_ጨራሽ፦
ለመንገድ ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። ሰርኪት ከገባህ ግን ዓመት አትቁጠር። ከእያንዳንዱ ሰርኪት ቀን በፊት ከየካሊፐሩ ጥቂት አስወጣ፣ ከጋለው ካሊፐር ጋር የቆየው ዘይት እሱ ነው። ፔዳሉ ትንሽ እንኳ ከረዘመ ሙሉውን።